«ሁለት ሺህ ብቻ» የተባለ ሰዓት፦ የአምራችን ቁጥር እንዴት እንመርምር?

አንድ አሮጌ የእጅ ሰዓት «በዓለም ላይ 2,000 ብቻ ነው የተሠራው» ከተባለ ዋጋው ወዲያውኑ ይሰቀላል። ቁጥሩን የሰጠው አምራቹ ራሱ ከሆነ ደግሞ ጠያቂ የለውም። ሻጭ ከካታሎግ፣ ካታሎግ ከመጽሐፍ፣ መጽሐፍ ከሌላ መጽሐፍ ሲቀዳ ሃምሳ ዓመት ያልፋል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው እንዲህ ያለውን ቁጥር በኮምፒውተር፣ በእርሳስና በብዙ ትዕግሥት መመርመር የሚቻልበትን መንገድ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌ የማደርገው የኦሜጋን ስፒድማስተር 125 ነው። ኦሜጋ መነሻውን የሚቆጥረው በ1848 በስዊዘርላንዷ ላ ሾ ደ ፎን ከተማ ከተከፈተ የሰዓት ሥራ ነው፤ 125ኛ ዓመቱን በ1973 ሲያከብር ይህን ሰዓት ለገበያ አቀረበ። የሞዴል ቁጥሩ 178.0002፣ በውስጡ ያለው ማሽን ካሊበር 1041 ይባላል። ግዙፍና ከባድ የብረት ሰዓት ነው። የክሮኖግራፉ (ተነሥቶ የሚቆመው የጊዜ መለኪያ) ደቂቃ ቆጣሪ እንደ ብዙዎቹ በትንሽ ክብ ውስጥ አልተቀመጠም፤ ከመሐል ተነሥቶ የሰዓቱን ፊት የሚያካልል ረጅም ዘንግ ነው። ይፋ የሆነው የምርት ቁጥር 2,000 ነው። ሰብሳቢዎች ግን «2,000 ብቻ ከሆነ ይህን ያህል ደጋግመን ባላየነው ነበር» ሲሉ ዓመታት አልፈዋል። የሚያከራክረውም ሰዓቱ ላይ «ከ2,000 ውስጥ ይህኛው ስንተኛው ነው» የሚል ቁጥር ያልተቀረጸ በመሆኑ ነው። እኔ ቁጥሩ ሐሰት ነው ለማለት አልቸኩልም፤ ችግሩ 2,000 የተባለው ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ አለመነገሩ ነው።

አንደኛ፦ ቁጥሩን ከምንጩ ያዙት

ቁጥሩ የተጠቀሰበትን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ አስፍሩ፤ የታተመበትን ዓመትና ቃል በቃል የተባለውን ጭምር። ከዚያ በዓመት ደርድሩት። በሰዓቱ ዘመን የታተመ ማስታወቂያ ወይም ከሰዓቱ ጋር የተሰጠ የዋስትና ወረቀት ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከተጻፈ የኩባንያ ታሪክ የበለጠ ክብደት አለው። ብዙ ጽሑፎች አንድን ዓረፍተ ነገር ቃሉን ሳይለውጡ የሚደግሙት ከሆነ እንደ አንድ ምንጭ ቁጠሯቸው። አሥር ሰው ከአንድ ሰው ሰምቶ ቢመሰክር ምስክሩ ያው አንድ ነው።

የቁጥሩንም መልክ ተመልከቱ። ድፍን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ዕቅድ ነው፤ ጎዶሎና ያልተስተካከለ ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ የተቆጠረ ነው። ከዚያው ከኦሜጋ ቤት ማነጻጸሪያ አለ። የአፖሎ 11ን ጉዞ ለማሰብ ከ1969 ጀምሮ የተሠራው የወርቅ ስፒድማስተር 1,014 ነው፤ የጀርባ ክዳኑ ላይም እያንዳንዱ ተራ ቁጥሩ ተቀርጾበታል። አንድ ሺህ ላይ ያልቆመው ለኋለኞቹ የጨረቃ ተጓዦች ስለተጨመረበት ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ታሪኩን ይዞ ስለሚመጣ መመርመር ይቻላል። የ1975ቱ የአሜሪካና የሶቪየት የጋራ የጠፈር ጉዞ፣ የአፖሎ ሶዩዝ፣ መታሰቢያ ሰዓት ደግሞ 500 ነው ይባላል፤ ቁጥሩ ድፍን ቢሆንም አብዛኛው ወደ ጣሊያን ገበያ መላኩ ስለሚታወቅ መፈለጊያ ቦታ አለን። ስለ ስፒድማስተር 125 የሚነገረው 2,000 ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ድፍን ነው፣ መድረሻ ገበያውም አብሮ አይነገርም።

ሁለተኛ፦ ምን እንደተቆጠረ ለዩ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ ግማሹ ክርክር የሚነሣው ግን እዚህ ነው። «2,000 ተመረተ» የሚለው ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ሊይዝ ይችላል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ ገበያው ከወደደው ሁለተኛና ሦስተኛ ትእዛዝ ይከተላል፤ ማስታወቂያው ግን በመጀመሪያው ላይ ይቀራል። የአንድ ዓመት ምርት ሊሆን ይችላል። ለአንድ አገር ወይም ለአንድ አከፋፋይ የተመደበው ድርሻ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ የማሽኑ እንጂ የተጠናቀቀው ሰዓት ቁጥር ላይሆን ይችላል፤ ፋብሪካ ለጥገና የሚሆን ትርፍ ማሽን፣ ትርፍ ፊትና ትርፍ ክዳን ሁልጊዜ ያስቀምጣልና።

ለ125 ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ይጠቅማል። ካሊበር 1041 የካሊበር 1040 ወንድም ነው፤ የሚለየው ይፋ የክሮኖሜትር (ጊዜን በትክክል የመጠበቅ) ፈተና ያለፈ በመሆኑ ነው። ፈተናው ደግሞ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ማሽን ለብቻው፣ በመለያ ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካው መዝገብ ውጪ የፈታኙ ተቋም መዝገብም ነበረ ማለት ነው። ስንት 1041 ለፈተና እንደቀረበና ስንቱ እንዳለፈ የሚያሳይ ወረቀት ከተገኘ፣ ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይታመናል። ጥያቄ ስትጽፉ ይህን መዝገብ በስሙ ጥሩት።

የፋብሪካ መዝገብ ምሉዕ ነው ብሎ መነሣትም የዋህነት ነው። የ1970ዎቹ ዓመታት በባትሪ የሚሠራው የኳርትዝ ሰዓት የስዊዘርላንድን ኢንዱስትሪ ያናወጠባቸው ናቸው። በ1975 የስዊዘርላንዱ ሰዓት አምራች የዜኒት ባለቤት የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ የሜካኒካል ማሽን ምርት እንዲቆምና መሣሪያው እንዲወገድ ሲያዝ፣ ሻርል ቬርሞ የሚባል ሠራተኛ ኤል ፕሪሜሮ የሚባለውን የዜኒት ክሮኖግራፍ ማሽን መሥሪያዎችና ሰነዶች በፋብሪካው ሰገነት ደበቃቸው። ማሽኑ ዛሬ በሕይወት ያለው በዚያ ሰው እንቢተኝነት ነው። በዚያ ዘመን ያልተደበቀ ስንት ወረቀት ቆሻሻ ውስጥ እንደገባ መገመት አያስቸግርም።

ሦስተኛ፦ የመለያ ቁጥሩን ባሕርይ እወቁ

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለ፤ የሚሠራላቸውም መንገድ የተለያየ ነው።

አንዳንድ ማሽን ለብቻው የተከለለ ተከታታይ ቁጥር ይሰጠዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ የነበራቸውና በ2017 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ የተሸጠው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ 2497 ከዚህ ወገን ነው። 2497 እና 2438/1 የሚጋሩት ማሽን ከ888,000 እስከ 888,178 ያለውን ቁጥር ይዟል፤ ስለዚህ የሁለቱ ሞዴሎች ድምር 179 መሆኑ በመቀነስና አንድ በመደመር ይገኛል። ከዚህ የቀለለ ሂሳብ የለም።

ሙሉው ክልል ካልታወቀ፣ ነገር ግን ቁጥሩ ከአንድ ጀምሮ ሳይዘለል የሚሄድ ከሆነ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተፈተነ ዘዴ አለ። የተባበሩት ኃይሎች የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ከተማረኩ የጀርመን ታንኮች ላይ መለያ ቁጥር እየለቀሙ የወሩን ምርት ያሰሉ ነበር። ለነሐሴ 1942 ሰላዮች 1,550 ሲሉ የቁጥር ባለሙያዎቹ 327 አሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ የተገኘው የጀርመን መዝገብ 342 ሆነ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ካያችሁት ሁሉ ትልቁን ቁጥር ውሰዱ፣ ያንኑ ባያችሁት ብዛት አካፍላችሁ ደምሩበት፣ አንድ ቀንሱ። ለምሳሌ ተራ ቁጥር የተቀረጸበት አንድ ሰዓት «2,000 ነው» ቢባልና ሃያውን ብታዩ፣ ትልቁም 1,412 ቢሆን፣ 1,412 ሲደመር 70.6 ሲቀነስ 1፣ ወደ 1,482 ይመጣል። በእርግጥ 2,000 ተሠርቶ ከሆነ በዕጣ የተገኙ ሃያ ሰዓቶች ሁሉ ከ1,412 በታች የመውደቃቸው ዕድል ከሺህ አንድ ያህል ነው። እዚህ ላይ ጥርጣሬው ወደ ታች መሆኑን ልብ በሉ፤ ዕቅዱ 2,000 ኖሮ ሽያጩ ቀዝቅዞ ምርቱ በመንገድ የቆመ ሊሆን ይችላል። የሚመረምር ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው ብቻ ሳይሆን ብዙ ነው የሚለውንም መፈተን አለበት።

ስፒድማስተር 125 ግን በዚህ መንገድ አይያዝም። በዚያ ዘመን የኦሜጋ መለያ ቁጥር ስምንት አሃዝ ያለውና ሁሉም ዓይነት ማሽን እየተሻማ የሚወስደው አንድ የጋራ ሰልፍ ነበር። ሁለት 1041ዎች በቁጥራቸው መካከል አንድ ሚሊዮን ቢራራቁ በመሐላቸው አንድ ሚሊዮን 1041 አለ ማለት አይደለም። የታንኩን ቀመር እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ የሚጭን ሰው አስቂኝ ውጤት ያገኛል። ከዚህ ሰልፍ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፤ የሰበሰባችኋቸው ቁጥሮች በአንድ ቦታ ተጠጋግተው ከተገኙ ምርቱ ባንድ ጊዜ የተጠናቀቀ ይመስላል፤ ተራርቀው በብዙ ክምችት ከተበተኑ ደግሞ ማሽኑ ደጋግሞ ታዝዟል ማለት ነው። የኋለኛው ከታየ «የመጀመሪያው ትእዛዝ ብቻ ነው የተነገረን» የሚለው ጥርጣሬ ይጠነክራል።

አራተኛ፦ የራሳችሁን ዝርዝር ሥሩ

ተራ ቁጥር ላልተቀረጸበት ሰዓት ያለው መፍትሔ የታዩትን ሰዓቶች አንድ በአንድ መመዝገብ ነው። ያለፉ የጨረታ ካታሎጎችን፣ የተሸጡ ዕቃዎችን ገጾች፣ የጥገና ፎቶዎችን አስሱ። ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ መስመር ስጡት፦ የታየበት ቀን፣ ቦታ፣ የማሽን ቁጥር ካለ፣ ከሌለ ደግሞ መለያ ምልክቱ።

መለያ ምልክት የምለው ሰዓቱን ከመሰሎቹ የሚለየውን ጉዳት ነው። የማሽኑ ቁጥር የሚታየው ክዳኑ ተከፍቶ ነው፤ ሻጮችም የመጨረሻ አሃዞችን በአውራ ጣታቸው ይሸፍናሉ። ስለዚህ ፊቱን በአጉሊ እይታ ማንበብ ያስፈልጋል። በጨለማ የሚያበራው ቅብ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በእኩል አይጠቁርም። በአንዱ ሰዓት 4 ቁጥር ላይ ያለው ነጥብ ጥግ ላይ ተሸርፎ፣ የደቂቃው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ቅብ ደግሞ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። በሌላው የቀኑ መስኮት የታችኛው ጠርዝ ላይ የጥገና ወረንጦ የተወው ጭረት አለ። እንዲህ ያሉ ሁለት ምልክቶች አንድ ላይ ከተገጣጠሙ ሰዓቱ ያው ነው ብላችሁ መዝግቡ፤ አንድ ብቻ ከሆነ «ምናልባት» የሚል ዓምድ ክፈቱለት። የአካሉን ጭረት ብዙ አትመኑ፤ አንድ ጊዜ ከተወለወለ ይጠፋል። ሰንሰለትም ይቀየራል።

አምስተኛ፦ ድግግሞሹን ቁጠሩ

ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሰዓቱ ጥቂት ከሆነ አንዱን ሰዓት ደጋግመን ማግኘት አለብን፤ ብዙ ከሆነ ሁልጊዜ አዲስ እናያለን። ከአንድ ዝርዝር ብቻ መነሣት ይቻላል። 200 እይታ ከመዘገባችሁ በመካከላቸው 19,900 ጥንዶች አሉ። በዓለም ላይ ያሉት 2,000 ከሆኑ ወደ 10 የሚሆኑ ድግግሞሾች ይጠበቃሉ፤ 8,000 ከሆኑ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ። እናንተ ያገኛችሁት ሁለት ከሆነ 2,000 የሚለው ቁጥር መልስ ሊሰጥበት ይገባል።

የተሻለው መንገድ ግን ሁለት ዝርዝር መሥራት ነው፤ የዓሣ ተመራማሪዎች ሐይቅ ውስጥ ያለውን ዓሣ የሚገምቱበት ዘዴ ነው። አንዱ ዝርዝር ከጨረታ ካታሎጎች፣ ሌላው ባለቤቶች ራሳቸው ካሳዩዋቸው ፎቶዎች ይሁን። የመጀመሪያው 120፣ ሁለተኛው 100 ሰዓት ይዟል እንበል። የሁለቱን ብዛት አባዝታችሁ 12,000ን ለ2,000 ስታካፍሉ 6 ይመጣል፤ ይፋው ቁጥር እውነት ከሆነ ስድስት ያህል ሰዓቶች በሁለቱም ዝርዝር መገኘት ነበረባቸው። ከዚህ ተነሥቶ ግምት ለማውጣት በእያንዳንዱ ዝርዝር ላይ አንድ ደምሩና አባዙ፣ በጋራው ላይም አንድ ደምራችሁ አካፍሉ፣ በመጨረሻ አንድ ቀንሱ። የጋራው 3 ከሆነ 121 ሲባዛ በ101፣ ሲካፈል ለ4፣ ሲቀነስ 1፦ ወደ 3,054።

አሁን እዚህ ላይ ተረጋጉ። 3,054 ስላወጣችሁ 2,000 ወድቋል ማለት አይደለም። እውነተኛው ቁጥር 2,000 ሆኖም በስድስት ፈንታ ሦስት ወይም ከዚያ በታች የማግኘት ዕድል ከሰባት አንድ ያህል ነው፤ ይህ ተራ አጋጣሚ ነው። የጋራው አንድ ብቻ ቢሆን ግን ግምቱ ከ6,000 ይበልጣል፤ ይህ በአጋጣሚ ብቻ የሚሆነውም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። ከስድስት በታች የሚጠበቅ ድግግሞሽ ካላችሁ ምንም አትደምድሙ፤ ዝርዝሩን አሳድጉ።

ስድስተኛ፦ ስሕተቱ ወደ የት እንደሚያዘነብል አስሉ

ግምቱን የሚያዛቡ ነገሮች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄዱም፤ ስለዚህ ለየብቻ መዝኗቸው። አንዳንድ ሰዓት ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ሲዞር ይኖራል፤ በመሳቢያ ውስጥ ያለው ግን ፈጽሞ አይታይም። ይህ ድግግሞሹን ያበዛል፣ ግምቱንም ዝቅ ያደርጋል። የወደሙና ለመለዋወጫ የታረዱ ሰዓቶችም አሉ፤ የምንገምተው በሕይወት ያለውን ስለሆነ የተመረተው ከዚያ ያነሰ ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ለጠራጣሪው ይጠቅማሉ፦ እነርሱ እያሉም ግምቱ ከ2,000 በጣም ከበለጠ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው።

በተቃራኒው የሚጎትተው ጂኦግራፊ ነው። አንዱ ዝርዝራችሁ ከጃፓን ገበያ፣ ሌላው ከጀርመን ብቻ ከሆነ፣ ሰዓቶቹ ከአገር አገር ስለማይንቀሳቀሱ የጋራ ባይገኝ አያስደንቅም፤ ግምቱም ያለ አግባብ ይሰቀላል። ሁለቱም ዝርዝሮች ከብዙ አገር የተቀላቀሉ ይሁኑ። ሌላው ወጥመድ የዓይናችን ነው፤ አንድ ሰዓት ሲሸጥ ፎቶው በብዙ ቦታ ስለሚባዛ «በየቦታው አለ» የሚል ስሜት ይሰጣል። «ደጋግሜ አየሁት» የሚል ሰብሳቢ ደጋግሞ ያየው ያንኑ አንዱን ሊሆን ይችላል። ስሜት ይዞ የሚከራከር ሰው ሁልጊዜ ያሰለቸኛል፤ ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ግን ቢሳሳትም ይጠቅማል።

ሰባተኛ፦ የተገጣጠመውን ከዝርዝሩ አውጡ

የ125 ፊትና አካል ይዞ የ1040 ማሽን የተከተተበት ሰዓት ከ125ዎች ጋር አይቆጠርም። ማሽኑ ላይ የተቀረጸው ካሊበር ቁጥርና መለያ ቁጥሩ በአንድ ፎቶ እስካልታዩ ድረስ «ያልተረጋገጠ» በሚል ዓምድ ይቆይ። ወረቀት አለው መባሉም ብቻውን በቂ አይደለም። በኖቬምበር 2021 ጄኔቫ ላይ አንድ ስፒድማስተር 2915-1 ከ3.1 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ፤ በ2023 ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ዕቃ የተገጣጠመ መሆኑን፣ በጉዳዩም የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት ኦሜጋ ራሱ አስታወቀ።

ስምንተኛ፦ ለአምራቹ ጻፉ

ይህን ሁሉ ከያዛችሁ በኋላ እንጂ አስቀድማችሁ አትጻፉ። «ስንት ተመረተ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው የታወቀውን 2,000 ነው። ጥያቄውን ሰባብሩት፦

«የካሊበር 1041 ማሽን በምርት መዝገባችሁ የሰፈረው ስንት ነው? የመጀመሪያውና የመጨረሻው የተመዘገበበት ቀን መቼ ነው? ከሞዴል 178.0002 ውጪ ይህ ማሽን የገባበት ሰዓት አለ? 2,000 የሚለው ቁጥር የታዘዘውን፣ የተመረተውን ወይስ የተሸጠውን ያመለክታል? ከየትኛው ሰነድ የተወሰደ ነው? ለክሮኖሜትር ፈተና የቀረበው ብዛትስ?»

ዝርዝራችሁን አባሪ አድርጉ፤ ግምታችሁን ግን አንድ ቁጥር አድርጋችሁ አትጻፉት፣ «ከዚህ እስከዚህ» በሉት። የሰዎችን ስምና የግል መረጃ አውጡ። የሚመጣውን መልስ ከቀኑና ከመላሹ የሥራ ድርሻ ጋር አስቀምጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሰው የተለየ ቁጥር ቢሰጣችሁ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው። መልሱ ዞሮ «2,000» ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድ አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦ የተቆጠረው ማሽኑ ነው ወይስ ሰዓቱ? ያን እስኪመልሱ ድረስ «ከ2,000 አንዱ ነው» እያለ ተጨማሪ ዋጋ ለሚጠይቃችሁ ሻጭ ለሰዓቱ ይዞታ እንጂ ለቁጥሩ አትክፈሉ።